ውሃውን ማን አቆሸሸው?



በአዋሽና በሞጆ ወንዝ ዳር የሚያርሰው ገበሬ ውሃውን መረዘ ይባላል። የፀረ ተባይ መርጫውን ወንዝ ውስጥ ያጥባል፤ እስከ ዳሩ ድረስ ያርሳል፤ ማዳበሪያውን ጎርፍ ጠርጎ ቆቃ ሐይቅ ያስገባዋል፤ ሐይቁም በአልጌ ይሸፈናል። እውነት ነው፤ አንክድም።

ነገር ግን የአዲስ አበባ ቆሻሻ በአቃቂ፣ የቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በሞጆ አድርጎ እዚያው ሐይቅ ሲገባ እያዩ ዝም ያሉ ሰዎች፣ ሽንኩርት አብቃዩን ብቻ ሰብስበው ሲገሥጹ ከቶ አያፍሩምን? ያንኑ ውሃ የሚጠጣው እኮ እሱ ነው!

ከዳሩ ጥቂት እርምጃ ሣር ተው፣ ሣሩ አፈሩንና ማዳበሪያውን ያስቀርልሃል ይሉታል። ምክሩ መልካም ነው፤ ሣሩም ለከብት ይታጨዳል። ዳሩ ግን አንድ ጥማድ ላለው ሰው ያ እርምጃ የልጁ ደብተር ነው። ካሣውን ማን ይክፈል ተብሎ ሲጠየቅ አልሰማንም።

በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡት ተማሪዎች ገበሬውን ሊገሥጹት አልወጡም። እኛስ? ክረምቱ ሳይከብድ ከፋብሪካው በላይና በታች፣ ከማሳውም በላይና በታች ከገበሬው ጋር ሆነን ውሃ እንቅዳ፤ እንመርምር፤ ውጤቱንም በኦሮምኛና በአማርኛ በቀበሌው ስብሰባ እናንብብ። ባዶ ጠርሙስ ያላችሁ አምጡ።