ልጃችሁ ሚዛኑን መጠበቅ ካቃተው፦ ማሽኑን ከመፈለጋችሁ በፊት

ሰሞኑን በኢንቦክስ ደጋግማችሁ የላካችሁልኝ አንድ ቪዲዮ አለ። ጭንቅላቱ ላይ ሽቦ ያለው ማሰሪያ የታሰረለት ልጅ በመራመጃ ማሽን ላይ ሲሄድ ያሳያል። የምትጠይቁኝም ተመሳሳይ ነው፦ «ዶክተር፣ ይሄ ነገር አዲስ አበባ ይገኛል? ልጃችን ቆሞ መሄድ አቅቶታል፤ ያለንን ሸጠንም ቢሆን እንወስደዋለን።»

«ያለንን ሸጠን» የምትለዋ ቃል ስለከበደችኝ ነው ዛሬ የምጽፈው። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፦ ለዚህ ማሽን ብላችሁ በሬም መሬትም እንዳትሸጡ። ምክንያቴን ደግሞ ላስረዳ።

በቪዲዮው የምታዩት ያለ ቀዶ ሕክምና አንጎልን የማነቃቂያ ዘዴ ነው። ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት። አንዱ በማግኔት የሚሠራ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1985 በእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ አንቶኒ ባርከር የሚባል ሰው ከባልደረቦቹ ጋር ያስተዋወቀው ነው። ሌላው በጨው ውሃ የራሰ ስፖንጅ ራስ ላይ ተደርጎ በጣም ደካማ ኤሌክትሪክ፣ 1 ወይም 2 ሚሊአምፔር ያህል፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ20 ደቂቃ የሚሰጥበት ነው። መርፌ የለውም፤ ብዙ ጊዜ የማሳከክ ወይም የመቆንጠጥ ስሜት ብቻ ነው የሚሰማው።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ኤሌክትሪኩ ልጁን አያስኬደውም። የሚታሰበው የአንጎል ሴሎችን ትንሽ ነቃ አድርጎ ለመማር ያዘጋጃቸዋል ተብሎ ነው። የሚያስተምራቸው ልምምዱ ነው። ገበሬ ቤተሰብ ያላችሁ በቀላሉ ይገባችኋል፦ ማሽኑ እርሻ ነው፣ ልምምዱ ዘር። አርሶ ሳይዘራ የተወ ሰው የሚያጭደው አረም ነው።

ማስረጃውም ይህንኑ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2014 በብራዚል የወጣ አንድ ጥናት ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸውን 24 ልጆች ለሁለት ከፈለ። ሁለቱም ቡድኖች በሳምንት 5 ቀን፣ ለ2 ሳምንት በመራመጃ ማሽን ላይ ተለማመዱ። አንዱ ቡድን እውነተኛውን ኤሌክትሪክ አገኘ፤ ሌላው ማሰሪያው ቢደረግለትም ሕክምናው አልተሰጠውም። ኤሌክትሪኩን ያገኙት በሚዛን መለኪያ የተሻለ ውጤት አመጡ፤ ልዩነቱ ከ1 ወር በኋላም ታይቷል። ደስ የሚል ዜና ነው። ነገር ግን 24 ልጆች ጥቂት ናቸው፤ ክትትሉም አጭር ነው። ደግሞም ልብ በሉ፣ ያለ ልምምድ ኤሌክትሪክ ብቻ የተሰጠው ልጅ አልነበረም።

በሌላ በኩል፣ ኢዮና ኖቫክ የምትባል አውስትራሊያዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2020 ለሴሬብራል ፓልሲ የሚሰጡ ሕክምናዎችን በትራፊክ መብራት ቀለም ከፋፍላ አውጥታለች። አረንጓዴ ካገኙት መካከል ልጁ ሊሠራ በሚፈልገው ነገር ላይ ተደጋጋሚ ልምምድ ማድረግና በባለሙያ መሪነት ቤት ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ይገኙበታል። አረንጓዴ ያገኘው ነገር በሬ አያሸጥም።

የኛ ችግር ታዲያ ምንድን ነው? ልምምዱ ይቋረጣል። ከነጆ ወይም ከደምቢዶሎ ልጇን አዝላ ነቀምቴ የምትመጣ እናት ሁለት ቀን አሳይተናት ትመለሳለች። ትራንስፖርቱ፣ አልጋው፣ ቤት የቀሩት ልጆች አሉ። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በጸጥታው ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮው አብሮ ይዘጋል። ስትመለስ ወራት አልፈው የልጁ ጅማት ተኮማትሮ እናገኘዋለን።

ስለዚህ «ለወለጋ ልጆች ምን ይገዛ?» ብትሉኝ መልሴ ማሽን አይደለም። ጊምቢም፣ ሻምቡም፣ ደምቢዶሎም ፊዚዮቴራፒስት ይቀጠር፤ እናቶችንም በአፋን ኦሮሞ፣ በገባቸው ቋንቋ ያሰልጥን። «ዶክተሩ ቴክኖሎጂ አይወድም» እንዳትሉኝ! ማሽኑ በምርምር ሆስፒታል፣ በጥናት ሥር ቢመጣ ደስ ይለኛል። ግን ዘሪ በሌለበት አገር ማረሻ ብቻ ቢመጣ ምን ይረባል?

እስከዚያ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ በባለሙያ አሳዩት፣ ከዚያ ለምሳሌ፦

1. ልጁን እግሩ መሬት በሚነካበት በርጩማ ላይ አስቀምጡትና የሚወደውን ነገር በቀኝም በግራም ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ እንዲያነሳ አድርጉ። ከኋላው ሁኑ፤ ግን ቶሎ አትደግፉት።
2. ከበርጩማ መነሳትና መቀመጥን በጨዋታ መልክ ደጋግሙ።
3. አልጋ ወይም ጠረጴዛ ይዞ ወደ ጎን እንዲራመድ አድርጉ።
4. መቆም ከቻለ መሬት ላይ የተዘረጋ ገመድ እንዲሻገር፣ ኳስ እንዲመታ አለማምዱት።

በቀን ሦስት ጊዜ አስር አስር ደቂቃ ብትሠሩ በወር አንዴ ከሚሠራ የሁለት ሰዓት ልምምድ ይሻላል። ነቀምቴ ያለውን የአካል ተሃድሶ ማዕከል ጠይቁ፤ ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ቼሻየር ኢትዮጵያ መናገሻ ላይ ለረጅም ዓመታት በዚህ ሥራ የቆየ ድርጅት ነው።

አሁን ደግሞ በጣም ጥንቃቄ የሚሻው። የሚንገዳገድ ልጅ ሁሉ ሴሬብራል ፓልሲ የለበትም። በደንብ ይሄድ የነበረ ልጅ በቅርብ ጊዜ መንገዳገድ ከጀመረ፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት ራስ ምታትና ማስመለስ ካለው፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዱት፤ የአንጎል እጢ ሊሆን ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ መንገዳገድ ከጀመረም መጠኑ በዝቶበት ሊሆን ስለሚችል መድኃኒቱን በራሳችሁ ሳታቋርጡ ቶሎ ሐኪም አሳዩ። በ9 ወሩ ያለ ድጋፍ ያልተቀመጠ፣ በ18 ወሩ ያልሄደ ልጅም ይታይ፤ «አባቱም ዘግይቶ ነው የሄደው» እያላችሁ አትጠብቁ።

ኢንተርኔት ላይ አይታችሁ በባትሪና በሽቦ ቤት ውስጥ ለመሞከር ደግሞ በፍጹም አታስቡ! ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ብዙ ልጆች የሚጥል በሽታም አለባቸው፤ ቆዳም ያቃጥላል።

ልጁን ከእንግዳ አትደብቁት። ጓዳ ውስጥ የተኛ ልጅ ሚዛን መጠበቅ የሚማርበት ዕድል የለውም። ደጅ አውጡት፣ ከእኩዮቹ ጋር ይቀመጥ፣ ይሞክር፣ ይውደቅ፣ ይነሳ። አንጎሉ የሚማረው እንደዚያ ነው።

ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ እንዲህ ዓይነት ልጅ ላለው ቤተሰብም ሼር አድርጉለት። መልካም ጤና!