ሃይድሮጅን ለመኪና ወይስ ለማዳበሪያ?



ባለፈው ጁሙዓ ከሰላት በኋላ የተጀመረው ክርክር እስከ ዐስር አልበረደም። አንድ ወንድማችን በስልኩ የቶዮታ ሚራይን ቪዲዮ እያሳየ፣ «ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው፤ ታንኩ በአምስት ደቂቃ ይሞላል፤ እኛ ደግሞ ውሃውም ኤሌክትሪኩም አለን። ምን እንጠብቃለን?» አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም የመመረቂያ ፕሮጀክቴን በሃይድሮጅን መኪና ላይ ለመሥራት ርዕስ አስገብቼ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ስሌቱ ነው።

በኤሌክትሪክ ውሃን ሰንጥቆ 1 ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን ለማውጣት ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ጋዙ ታንክ ውስጥ የሚገባው ከከባቢ አየር ግፊት 700 እጥፍ ገደማ ታምቆ ስለሆነ ለማመቁም ሌላ ኤሌክትሪክ አለ። መኪናው ውስጥ ፊውል ሴሉ ሃይድሮጅኑን መልሶ ኤሌክትሪክ ሲያደርገው ደግሞ ግማሽ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። በመጨረሻ 1 ኪሎው መኪናዋን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወስዳታል። ያንኑ 55 ኪሎዋት ሰዓት በቀጥታ ባትሪ ብንሞላበት ተራ የኤሌክትሪክ መኪና ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄድበታል።

መድረሳ ሳለን ዉዱእ ስናደርግ ቧንቧውን ለቀን ካገኙን ኡስታዛችን «ኢስራፍ!» ይሉን ነበር። ውሃው ብዙ ነው ማለት አያድነንም። ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ አልሐምዱሊላህ። ግን መብራት ያልገባለት ስንት ቤት እያለ አንድ መኪና የሁለት መኪና ተኩል ኤሌክትሪክ ይብላ?

ወንድማችን ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ቻርጅ ማድረግ የሁላችን ጣጣ ሆኗል። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። አራተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤታችን ማታ ማታ ገመዱን በመስኮት ቁልቁል ይለቀዋል፤ ዝናብ ሲመጣ እናቴ ልጆች እንዳይነኩት በረንዳ ላይ ቆማ ትጮኻለች። በአምስት ደቂቃ የሚሞላ ታንክ ለእንዲህ ዓይነት ሰፈር ያጓጓል። ማደያውን ማን ይሠራዋል ግን? ሼል እንኳ በካሊፎርኒያ የነበሩትን የትንንሽ መኪኖች የሃይድሮጅን ማደያዎች በፈረንጆች 2024 ዘግቷል። ለግቢያችን ቆጣሪ ያለው የጋራ ቻርጅ ማድረጊያ መትከል ከዚያ እጅግ ይቀላል፤ አዲሱ ርዕሴም እሱው ነው። ለጅቡቲ መስመር ከባድ መኪናስ ለምትሉኝ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር አለን፤ መጀመሪያ እሱን በደንብ እንጫነው።

ሃይድሮጅን ምትክ የሌለው ማዳበሪያ ላይ ነው። ስልጤ ያለው አጎቴ ክረምት ሲገባ የሚጨነቀው ስለ ዩሪያ እንጂ ስለ መኪና አይደለም። ዩሪያ ከአሞኒያ ይሠራል፤ አሞኒያ ደግሞ ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን። እዚህ ቦታ ባትሪ ምንም አይፈይድም። መንግሥት ከዳንጎቴ ጋር በነሐሴ 2017 የተፈራረመው የጎዴ ፋብሪካ ሃይድሮጅኑን የሚያገኘው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጋዝ ያልቃል፤ ዓባይ ግን ኢንሻአላህ ይፈሳል። (ዩሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይፈልጋል። ከሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ቢያዝስ? ይኸው ሌላ ርዕስ።)

ኬሚካል ምህንድስና ያላችሁ እህትና ወንድሞች፣ ርዕስ ማስገቢያው ካላለፈባችሁ አስቡበት። ስሌቴ ላይ ስህተት ያገኘ በሚቀጥለው ጁሙዓ መስጂዱ በር ላይ ያግኘኝ። የሚራዩ ወንድማችን ካልኩሌተር ይዞ እንደሚመጣ ከወዲሁ ዝቷል።