ባለቤት ያጣው መንገድ

ግንቦት ሲጋመስ በአርሲ ከደራ ወደ ሲሬ የሚወጣውን መንገድ ያስተዋለ ሰው የፋብሪካ ቀለሙ ያልደበዘዘ ትራክተር አልፎ አልፎ ሲያዘግም ማየቱ አይቀርም። የመቀመጫው ላስቲክ ገና አልተገፈፈም። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት አልተነሣም። የኋላ ጎማው ጥርስ ግን አፈር ሳይነካ አስፋልት ጠግቦ መጥቷል። ከአዲስ አበባ ወይም ከአዳማ በራሱ ጎማ ተነድቶ የመጣ ነው። ሲሬ ሲገባ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፤ «እንኳን ደስ ያለህ» ይባላል። ገዢው «ዜሮ ዜሮ ነው» ይላል በኩራት። ሾፌሩ ቁልፉን ሰጥቶ መመለሻ መኪና ፍለጋ ይሄዳል።

በዚህ ሁሉ ደስታ መሀል የሚያነሣው ሰው የማላይለት ጥያቄ አለ። ይህ ትራክተር ከሻጩ ግቢ ወጥቶ እዚህ እስኪደርስ ድረስ በማን ኃላፊነት ሥር ነበር?

መንገዱ ቀላል አይደለም። ከአዲስ አበባ እስከ ሲሬ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ እንደ ትራክተር ላለ ዝግተኛ ተሽከርካሪ አልተሠራም፤ ስለዚህ ጉዞው በአሮጌው መንገድ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል፣ ከተሳቢ መኪናና ከሚኒባስ ጋር በመጋፋት ነው። ከአዳማ ወደ አዋሽ መልካሳ ይወረዳል፤ አዋሽን ተሻግሮ ወደ ደራ ይወጣል፤ ከዚያ የአሰላውን መንገድ ትቶ ወደ ሲሬ ይታጠፋል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ትራክተር ይህ ሳይቆም አምስት ሰዓት ነው። ምሳው፣ ነዳጁና መጨናነቁ ሲጨመርበት ቀኑን ሙሉ ይወስዳል።

አምስት ሰዓት ምን አላት የሚል ይኖራል። የትራክተር ዕድሜ ግን የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን ሞተሩ በሠራበት ሰዓት ነው፤ ሰዓት ቆጣሪው ዳሽቦርዱ ላይ ያለውም ለዚህ ነው። ብዙ አምራቾች የመጀመሪያውን የዘይትና የፊልትሮ ቅያሪ በ50 ሰዓት ያዝዛሉ፤ ሞተሩ ገና የሚላመድበት ጊዜ ስለሆነ እርስ በርስ የሚፋተጉት ብረቶች ዱቄት ይጥላሉ፣ ያም ዱቄት ከዘይቱ ጋር መውጣት አለበት። እንግዲህ ገበሬው አንድም ትልም ሳያወጣ ከዚህ የመላመጃ ጊዜ አንድ አሥረኛው መንገድ ላይ አልቋል ማለት ነው።

ጉዳዩ የሰዓቱ ቁጥር ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ዋናው ሰዓቱ ያለቀበት መንገድ ነው። አዲስ ሞተር ከአቅም በላይ እንዳይጫንበት ይመከራል፤ ያለ ጭነት በአንድ ዓይነት ፍጥነት ለረጅም ሰዓት መነዳቱም አይጠቅመውም፤ የፒስተኑ ቀለበቶች ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በወጉ ሳይገጥሙ ይቀሩና ኋላ ዘይት መብላት ይጀምራል። ምንም ሳይጎትት በትልቁ ማርሽ፣ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ከአዲስ አበባ የመጣ ትራክተር የደረሰበት ይኸው ነው። የጎማው ብሎኖችም አሉ። አዲስ ጎማ ከታሰረ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብሎኑ እንደገና መጥበቅ ይኖርበታል። ለእርሻ ተብሎ የተሠራ ባለ ጥርስ ጎማ ደግሞ በጋለ አስፋልት ላይ ከማሳው ይልቅ ቶሎ ይበላል። ይህን ሁሉ የሚያውቅና የሚጠነቀቅ ሾፌር ቢነዳው ጉዞው ጉዳት ላያደርስ ይችላል። ነገር ግን ማን እንደነዳው የሚናገር ወረቀት የለም።

እንዲህ ባለ ርክክብ ላይ ቆሜ የሰማሁትን ልጥቀስ።

«ኦቦ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝና ልሂድ፤ እየመሸብኝ ነው» አለ ሾፌሩ።

«ምኑን ነው የምፈርመው ልጄ?»

«መረከብዎን ነው።»

ሰውየው ፈረሙ። ወረቀቱ አዲስ ትራክተር በመልካም ሁኔታ መረከባቸውን ይላል። ሰዓት ቆጣሪው ስንት ላይ እንደነበር፣ ከግቢው ስንት ሰዓት ላይ እንደወጣ፣ የመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ምን ምን እንደነበረ አንድም መስመር የለበትም። ሞተሩ እንኳ ገና አልበረደም። እኒሁ ሰው በሬ ቢገዙ ጥርሱን አይተው፣ ኮቴውን አንሥተው፣ ጥቂት አስኪደው እንጂ ብራቸውን እንደማይቆጥሩ፣ ወደ ቤት የሚነዳውንም ሰው መርጠው እንደሚልኩ አልጠራጠርም። በሬውን ደጋግመው ገዝተው ያውቁታል፤ ትራክተሩ ግን ለአብዛኛው ሰው የዕድሜ ልክ አንድ ግዢ ነው።

ፊርማዋ ቀላል እንዳትመስል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ ዕቃውን ለመመርመር ዕድል እንዳገኘ እንዲመረምር፣ ጉድለት ካየም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ዕቃው ለገዢው ከተሰጠ በኋላ የሚደርስበት አደጋም በመሠረቱ የገዢው ነው። ስለዚህ ቁም ነገሩ «ርክክቡ የተፈጸመው የት ነው?» የሚለው ነው። ውሉ ርክክቡ በሻጩ ግቢ ነው ካለ ሾፌሩ የገዢው ወኪል ሆነ ማለት ነው፤ ሞጆ ላይ ቦይ ቢገባ ኪሳራው ሲሬ ላለው ገበሬ ነው። ውሉ ርክክቡ ሲሬ ነው ካለ ደግሞ እስከ ሲሬ ያለው መንገድ የሻጩ ነው። ብዙ ሰው የሚፈርመው ውል ግን ስለዚህ አንድም ቃል ስለሌለው መንገዱ የማንም ሳይሆን ይቀራል። ጠብ እስኪነሣ ድረስ ደግሞ ማንም አያስታውሰውም።

የሸማች ሕግ አለ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው፤ ለእርሻ ሥራ ትራክተር የገዛ ሰው በዚያ ትርጉም ውስጥ መግባቱ ማከራከሩ አይቀርም። ኢንሹራንሱስ ቢባል፣ አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን መድንን ነው። ያ መድን ትራክተሩ የገጨውን ሰው ይክሳል እንጂ ገደል የገባውን ትራክተር አያነሣም። የራሱን የትራክተሩን ጉዳት የሚሸፍነው ኢንሹራንስ በፈቃድ የሚገባ ነው፤ ብዙ ገዢ ስለ እሱ የሚያስበው ሰሌዳ ከወጣ በኋላ ነው። ከባዱ የመጀመሪያ ጉዞ ደግሞ በጊዜያዊ የተላላፊ ሰሌዳ አልፏል።

በብድርና በሊዝ የሚገዛው ሰው ነገር ከዚህም ይበልጥ ይጠላለፋል። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ የሚታወቅበት የሊዝ ፋይናንስ አሠራር ተበዳሪው 20 በመቶ ሲያዋጣ ባንኩ 80 በመቶ የሚሸፍንበት ነው፤ ክፍያው እስኪያልቅ ድረስ የመሣሪያው ባለቤት አከራዩ ባንክ ነው። እዚህ ላይ ሦስት ወገን አለ፦ የሸጠው፣ የከፈለውና የሚያርሰው። የሚነዳው ሾፌር አራተኛ ነው። ከአራቱ ዕዳውን ይዞ የሚቀረው የሚያርሰው ነው፤ ስለ መንገዱ ግን በመጨረሻ የሚሰማው እሱ ነው።

ትራክተር ለአርሲ እንግዳ እንዳልሆነ መዘንጋት የለበትም። በስዊድን ድጋፍ በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ በምህጻሩ ካዱ፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ካስፋፋ በኋላ ባለ ርስቶቹ ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ከመሬት ማፈናቀላቸው በታሪክ የተመዘገበ ነው። ያኔ ትራክተር ለጭሰኛው የመባረር ምልክት ነበር። ዛሬ የስንዴ ገበሬው ራሱ፣ ብቻውን ወይም ከዘመድና ከማኅበር ጋር ሆኖ ይገዛዋል። በ2011 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የግብርና ሜካናይዜሽን መሣሪያዎች ከቀረጥና ከታክስ ነፃ እንዲገቡ መፍቀዱም ትልቅ እገዛ ሆኗል። መንግሥት ቀረጡን እስከ መተው የሄደለት መሣሪያ በመጨረሻዎቹ 150 ኪሎ ሜትሮች ባለቤት ማጣቱ ያሳዝናል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሻጩ ክፉ ስለሆነ፣ ሾፌሩም ግድየለሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አንደኛው ምክንያት ወቅቱ ነው። ሁሉም ገዢ ትራክተሩን የሚፈልገው ክረምቱ ሳይገባ፣ ለሰኔና ለሐምሌ ዘር መሬቱን ለማድረስ ነው፤ ብድሩ የሚለቀቅለት ደግሞ ዘግይቶ ነው። ሁለተኛው ዋጋ ነው። በሎቤድ፣ ማለትም ከባድ መሣሪያ በሚጭን ዝቅተኛ ተሳቢ፣ ማስጫን ውድ ነው፤ ለአንድ ትራክተር ብሎ አንድ ሎቤድ እስከ ሲሬ ወጥቶ ባዶውን ሲመለስ ሒሳቡ አያዋጣም። ሦስተኛው የሾፌሩ አከፋፈል ነው። የሚከፈለው በጉዞ ከሆነ ቶሎ የደረሰ ቶሎ ይመለሳል፤ ሞተሩን አለማምዶ ለነዳ ሰው የሚጨመርለት ሳንቲም የለም። ሥራው ጥድፊያን እየሸለመ ከሾፌሩ ጥንቃቄ መጠበቅ አግባብ አይደለም።

ነገሩ የትራክተር ብቻም አይደለም። አዲስ አይሱዙም ባጃጅም በዚሁ መንገድ ይመጣል። እንዲያውም ብዙ አዳዲስ መኪኖች ሻጩ ግቢ ከመቆማቸው በፊት ከጅቡቲ ወደብ በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርገው 900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በራሳቸው ጎማ የመጡ ናቸው። አዲስ መኪናን መንዳት በራሱ ነውር አይደለም። በእንግሊዝ አገር ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ያልተመዘገበ መኪና የሚያደርሱ ሾፌሮች በነጭ መደብ ላይ በቀይ የተጻፈ የነጋዴ ሰሌዳ ይጠቀማሉ፤ ሰሌዳው የማን ንግድ ቤት እንደሆነ ስለሚታወቅ ከመኪናው ጀርባ ያለው ኃላፊም ይታወቃል። ከዚያ የምንወስደው ትምህርት መንገዱ ባለቤት ሊኖረው እንደሚገባ ነው።

«ሳይደርቅ በእርጥብ፣ ሳይርቅ በቅርብ» ነውና፣ መፍትሔው አዲስ አዋጅ የሚጠብቅ አይደለም። ገዢው ከመፈረሙ በፊት ውሉ ላይ አራት ነገር ያስጽፍ። ርክክቡ የሚፈጸምበት ቦታ፣ አመጣጡ በሎቤድ ወይስ በራሱ ጎማ መሆኑ፣ ከግቢው ሲወጣ ሰዓት ቆጣሪው የሚያሳየው ቁጥር፣ በመንገድ ለሚደርስ ጉዳት ኢንሹራንስ የሚገባው ወገን። ሲሬ ሲደርስ ደግሞ ሳይመርቁ በፊት ይመርምሩ። ቆጣሪውን ያንብቡ፤ በስልክ ፎቶ ያንሡት፤ ዘይቱን፣ ውሃውንና የጎማ ብሎኖቹን ይዩ፤ ከሞተሩ ሥር ጠብታ መኖሩን ያስተውሉ፤ መሣሪያዎቹን ይቁጠሩ፤ የሾፌሩን ስምና የመንጃ ፈቃዱን ዓይነት ይመዝግቡ፤ የአውቶሞቢል መንጃ ለትራክተር አይሆንምና። ፊርማው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መሽቶ ከሆነ ሾፌሩ ይደር፤ ራት አብልቶ ማሳደር ለሲሬ ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

ሻጮችም ለሾፌሮቻቸው በጉዞ ሳይሆን በቀን ይክፈሉ፤ የፍጥነት ገደብና የማረፊያ ቦታ ይስጧቸው፤ የዋስትናው ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ገበሬው ደጅ ከደረሰበት ሰዓት እንዲሆን ይስማሙ። ለአንድ አካባቢ የተሸጡ ሦስትና አራት ትራክተሮችን አሰባስቦ በተከታታይ በሎቤድ መላክም ዋጋውን ያቃልላል፤ ይህን ማስተባበር የሚችሉት የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ናቸው። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አንድ ገጽ የርክክብ ቅጽ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅቶ በየቀበሌው ቢያስቀምጥ ወጪው የወረቀት ብቻ ነው። አዋሽ መልካሳ ላይ፣ እዚያው ትራክተሮቹ በሚያልፉበት መንገድ ዳር፣ የእርሻ መሣሪያ የሚያጠና የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ቅጹ ላይ ምን መጠየቅ እንዳለበት የሚያማክር ባለሙያ ከዚያ አይጠፋም።

አበዳሪ ባንኮች ደግሞ ከሁሉም በላይ ጉልበት አላቸው። ገንዘቡን ለሻጩ የሚለቁት እነሱ ናቸውና፣ የመጨረሻውን ክፍያ የተሟላ የርክክብ ቅጽ ሳያዩ አንለቅም ቢሉ ነገሩ በአንድ የእርሻ ወቅት ይስተካከላል።

እስከዚያው ግን ለሲሬ፣ ለአርቦዬ፣ ለኢተያና ለሌላውም ገዢ የምለው አንድ ነው። ቁጥሩን ያላነበባችሁትን ቆጣሪ፣ ማን እንደነዳው ያላወቃችሁትን ትራክተር «ተረክቤያለሁ» ብላችሁ አትፈርሙ።