ሜኑው ቢጠፋ ፎርማት አይባልም



ሁለተኛ ዓመት እያለሁ አንድ ወንድም ከዒሻእ በኋላ ላፕቶፑን ይዞ ዶርሜ መጣ። ዊንዶውስና ኡቡንቱ ጎን ለጎን የጫነበት ነው፤ ዊንዶውሱ ለስዕል ሶፍትዌሮች፣ ኡቡንቱው ለመመረቂያ ፕሮጀክቱ። ሲያበራው የትኛው እንዲነሳ የሚጠይቅ ጥቁር ሜኑ ይመጣለት ነበር። የዚያን ቀን ግን አፕዴት አድርጎ መልሶ ሲያበራው ሜኑው የለም፤ ቀጥታ ዊንዶውስ ይገባል። «ኡቡንቱው ጠፋ» አለኝ። እኔም አየት አድርጌ «ጠፍቷል፣ ፎርማት አድርገን እንደ አዲስ እንጫነው» አልኩ። ኢንጂነሪንግ ነኝ፣ ፍላሽ አለኝ፣ የጀመዓው ልጆችም «እሱ ያውቃል» ይሉኛል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጨረስኩለት።

የጠፋ ነገር አልነበረም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የአምስት ወር ኮዱ ሄደ፤ ሀገር ቤት ሸይኹ ዘንድ ሲቀራ በስልኩ ቀድቶ ወደ ኮምፒውተሩ ያዛወራቸው ደርሶችም አብረው ሄዱ። ኮዱን እንቅልፍ አጥቶ እንደገና ጻፈው። ደርሶቹን ግን ሌላ የቀዳቸው ሰው የለም። ወንድሜ አውፍ ብሎኛል፣ አላህ ይመንዳው። ይህን የምጽፈው ግን ያኔ የሠራሁትን ዛሬም በየዶርሙ ስንሠራው ስለማይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙዎቻችን በድሮ ስሙ ባዮስ የምንለው ዩኢኤፍአይ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ሜሞሪ ውስጥ ዝርዝር ይይዛል፦ መጀመሪያ ማን ይነሳ፣ ቀጥሎ ማን። የማስነሻ ፕሮግራሞቹ ራሳቸው ደግሞ ዲስኩ ላይ ለብቻዋ በተከለለች፣ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት ገደማ በሆነች ክፍል ይቀመጣሉ፤ የዊንዶውሱ በራሱ ፎልደር፣ የኡቡንቱውም በራሱ። ፋይሎቻችን ያሉት ሌላ ክፍል ላይ ነው። አፕዴት ሜኑውን ሲያጠፋው አብዛኛውን ጊዜ የተነካው ዝርዝሩ ወይም ማስነሻው ነው። የቁልፉ መስቀያ ተቀየረ እንጂ ቤቱ አልፈረሰም።

የወንድሜ ችግር ከሁሉም ቀላሉ ነበር፤ ዊንዶውስ ከዝርዝሩ አናት ላይ ወጥቷል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ እንደ አምራቹ ኤፍ2ን፣ ኤፍ10ን፣ ኤፍ12ን ወይም ዴልን ደጋግሞ በመጫን ወደ ቡት ቅደም ተከተሉ ገብቶ ኡቡንቱን ወደ ላይ ማምጣት ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የዚህ ግልባጭም አለ። ሊኑክሱን አፕዴት ታደርጉና ሜኑው ላይ ዊንዶውስ የሚለው ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ግረብ 2.06 ሌሎች ሲስተሞችን እየፈለገ ሜኑው ላይ የሚያስገባውን ኦኤስ-ፕሮበር ለደህንነት ሲባል ሳይጠየቅ እንዳይሠራ አድርጎታል። የግረብን ማስተካከያ ፋይል ከፍቶ ኦኤስ-ፕሮበርን የሚከለክለውን መስመር «ፎልስ» ማድረግ፣ ፊቱ ላይ # ካለ ማንሳት፣ ከዚያ «ሱዶ አፕዴት-ግረብ» ማለት ይበቃል። ዊንዶውሱ ቦታው ላይ ነው፤ ማንም አልነካውም።

ሦስተኛው ያስደነግጣል። ነሐሴ 7 ቀን 2016 የወጣው የዊንዶውስ አፕዴት በቆዩ የግረብ ቅጂዎች ላይ የተገኘን ክፍተት ለመዝጋት የመጣ ነበር። ማይክሮሶፍት ሁለት ሲስተም የተጫነባቸውን ኮምፒውተሮች እንደማይነካ ቢናገርም የብዙዎቹን ሊኑክስ አላስነሳም አለ። ስክሪኑ ላይ ከባድ ስህተት እንደተፈጠረ የሚናገር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጥቶ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ያን አንብቦ ፎርማት ለማድረግ የማይቸኩል ማን ነው? መፍትሔው ግን ሴክዩር ቡትን ለጊዜው አጥፍቶ ሊኑክስ ውስጥ መግባት፣ በአንዲት ትእዛዝ ያንን የእገዳ መመሪያ መሰረዝ፣ ከዚያ ሴክዩር ቡትን መልሶ ማብራት ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር አትርሱ፤ ዊንዶውሱ በቢትሎከር ከተቆለፈ ሴክዩር ቡትን ስትነኩ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። መጀመሪያ ቁልፉ ባለቤቱ እጅ መኖሩን አረጋግጡ። ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንቱ ውስጥ ይገኛል።

«ባክአፕ ያላደረገ ራሱን ይውቀስ» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ግማሹ እውነት ነው። ግን ፊቅህ ስንቀራ ያለፍንበት ሑክም አለ፤ በሕክምና ዕውቀት የማይታወቅ ሰው አክማለሁ ብሎ ጉዳት ቢያደርስ ዷሚን ነው፣ ለጉዳቱ ተጠያቂ ነው። በነፃ ማከሙ ወይም ኒያው ማማሩ ከዚህ አያወጣውም። ፈትዋ መስጠቴ አይደለም፣ ለዚያ ኡስታዞቻችን አሉ። ነገር ግን ያን መስኣላ ሳስታውስ ያቺ ሌሊት ትመጣብኛለች። የበሽተኛው መዳን አለመዳን ሳይጣራ እግር የቆረጠ ሐኪም ምን ይባላል?

ስለዚህ ጀመዓችን ውስጥ ላፕቶፕ የምንሠራ ሁሉ አንድ ስምምነት ይኑረን እላለሁ። ሜኑ ጠፋ ተብሎ የመጣ ኮምፒውተር መጀመሪያ ቡት ቅደም ተከተሉ ይታይ። ካልሆነ ሳይጫን ከፍላሽ በሚነሳ ኡቡንቱ ተከፍቶ ፋይሎቹ መኖራቸው ይረጋገጥ፣ ወደ ውጪ ዲስክም ይገልበጡ። ፎርማት የሚባለው ቃል የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱም ባለቤቱ ምን እንደሚጠፋ ተነግሮት «እሺ» ሲል። ፈተና ደርሶ ባለቤቱ ቢያጣድፈንም እንኳ ይህን አንዝለል።

ሌላም አለ። አንድ እህት ላፕቶፗን ለማታውቀው ወንድም ሰጥታ ስትሄድ ፎቶዋንም፣ የግል ጽሑፏንም አብራ ሰጥታለች። ከፍላሽ የተነሳ ኡቡንቱ ደግሞ ዲስኩ ካልተቆለፈ ያለ ይለፍ ቃል ሁሉንም ያሳያል። ብዙ እህቶች ይህን ስለማያውቁ ነው የሚሰጡት፤ የሚያውቁት ደግሞ ተሳቀው ኮምፒውተራቸው እንደተበላሸ ሴሚስተሩን ይጨርሳሉ። ከእህቶች መካከል ይህን ሥራ የሚችሉ ሦስት አራት ልጆች ቢኖሩን ነገሩ ሁሉ ይቀላል። ከላይ የጻፍኩት ከካልኩለስ አይከብድም።

ከሚድ ፈተና በኋላ ባለችው የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ፍላሽ አዘገጃጀቱንና ቡት ቅደም ተከተል አስተካከሉን ለማሳየት ዝግጁ ነኝ። እህቶች በአሚራቸው በኩል፣ ወንድሞች በጀመዓው አሚር በኩል ይመዝገቡ። 8 ጊጋባይት ያለው ባዶ ፍላሽ ይበቃል። ውስጡ ያለውን ግን አስቀድማችሁ ገልብጡት፤ ፍላሹ ሲዘጋጅ ይጠፋልና።