«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»

ከላይ የሰፈሩት ሦስት ቃላት በብዙ ሱቆች ግድግዳና በደረሰኞች ግርጌ ተጽፈው ይገኛሉ። ነጋዴው እንደ ሕግ ይጠቅሳቸዋል፤ ገዢውም እንደ ሕግ አምኖ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ «ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ» ብሎ እንዲጠይቅ መብት ሰጠው።

ባለፈው ወር እኛ አራት የመኝታ ቤት ጓደኞች አዋጥተን የገዛነው የማንበቢያ መብራት በሦስተኛው ሌሊት ጠፍቶ ዳግመኛ አልበራም። ባለሱቁ፣ «እኔ ሻጭ ነኝ እንጂ ሠሪ አይደለሁም» ብሎ አሰናበተን። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ያንኑ ሻጩን ነው! ባሕር ማዶ ያለውን ሠሪ ተማሪ ከየት ፈልጎ ያገኘዋል?

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ደረሰኝ ሳንቀበል አንግዛ፤ ዕቃውን እሻጩ ፊት እንሞክር፤ ጉድለት ስናገኝም ሳንውል ሳናድር እናስታውቅ። ማኅበራችንም የሕግ ተማሪዎችን አስተባብሮ የተበደሉትን ይርዳ። ዝም ያለ ገዢ ለሚቀጥለው ገዢ በደልን ያወርሳል።