ጌታነህ በድምሩ ስንት አገባ?

አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አስቆጥሮ የጌታነህ ከበደን የ25 ጎል ሪከርድ ሰበረ። ይሄን አታት ላይ ኳስ የሚከታተል ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እሺ፣ ጌታነህ ራሱ ከደደቢት እስከ ወልቂጤ ከተማችን በሊጉ በድምሩ ስንት አገባ? በስንት ጨዋታ? እዚህ ላይ ጭቅጭቅ ይጀመራል፤ አንዱ ስልኩን ያወጣል፣ ሌላው ይምላል።

አሜሪካኖች በቤዝቦል እንዲህ አይቀልዱም። በጥቁሮች ሊግ የተጫወተው ጆሽ ጊብሰን የሞተው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። የዚያ ሊግ ቁጥሮች በ2024 ከዋናው መዝገብ ጋር ሲደመሩ፣ በሙያ ዘመኑ የመምታት አማካይ (0.372) ታይ ኮብን (0.367) አልፎ አንደኛ ሆነ። ከ77 ዓመት በኋላ! የተቻለው የያኔ ጋዜጦች የየጨዋታውን ውጤት ስለጻፉ ነው።

ነገሩ የትዝታ ብቻ አይደለም፣ የብር ነው። የአንድ ዓመት ጎል ዕድልም ሊሆን ይችላል፤ የአሥር ዓመት ድምር ግን አይዋሽም። ድምሩ በእጁ የሌለ ተጫዋች ደግሞ ዋጋውን የሚሰማው ከደላላ ነው። ፌዴሬሽኑና ሊጉ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን የጨዋታ ሪፖርት በየተጫዋቹ ስም ደምረው ስልካችን ላይ ያውጡልን። ከጌታነህ ይጀምሩ።