ውሻውን ቶሎ አትግደሉት

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በኛ በፎገራ ሌሊት ከብቱን የሚጠብቀው፣ ሩዙ ሲከመርም አብሮ የሚያድረው ውሻ ነው። ታዲያ ይሄው ውሻ ሰው ነከሰ ሲባል ሰፈሩ ዱላና ድንጋይ ይዞ ይወጣል። አናቱን ብሎ ይገድለውና ከሰፈር ወጣ አድርጎ ይጥለዋል። የተነከሰው ልጅ ደግሞ ወደ መድኃኒት አዋቂ ይወሰዳል። ልጁ ሳይታመም ከቀረ "መድኃኒቱ ፍቱን ነው" ይባላል።

እኔ የምለው፣ ውሻው አብዶ እንደነበር ማን አረጋገጠ?

ጤነኛ ውሻም እኮ ይነክሳል። ቡችሎቿን የነኩባት፣ ሲበላ የነኩት፣ ጅራቱን የረገጡት ሁሉ ይነክሳል። በዚህ የተነከሰ ልጅ ምንም ባይጠጣም በእብድ ውሻ በሽታ አይሞትም። በእርግጥ ያበደ ውሻ ከነከሳቸውም ሁሉም አይታመሙም። ስለዚህ አሥር ሰው መድኃኒቱን ጠጥቶ አሥሩም ደህና ቢሆን፣ ውሾቹ እስካልተመረመሩ ድረስ ስለ መድኃኒቱ ያወቅነው ነገር የለም። ማስረጃውን ጅብ በልቶታል።

ምርመራው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ውሻውን አስሮ 10 ቀን መከታተል ነው። ቫይረሱ በለሃጩ መውጣት የሚጀምረው ምልክቱ ሊታይ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ስለዚህ ሲነክስ ለሃጩ ውስጥ ቫይረስ የነበረበት ውሻ በነዚያ ቀናት ውስጥ ታሞ ይሞታል። 10ኛውን ቀን በጤና ካለፈ ያ ንክሻ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ሁለተኛው ከሞተ በኋላ አንጎሉን በላቦራቶሪ ማየት ነው፤ አዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራዋል። አናቱ በድንጋይ ከደቀቀ ግን ምኑ ይመረመራል?

አደራ፣ 10 ቀን የሚጠበቀው ውሻው ነው እንጂ ልጁ አይደለም! ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ክትባቱ ይጀመራል፤ ውሻው ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ሐኪሙ ያቋርጠዋል። በሽታው ብዙ ጊዜ ሳምንታትና ወራት ቆይቶ ነው የሚነሳው፤ ሰው የሚዘናጋውም ለዚህ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን ለሰውም ለውሻም መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል።

ለሃጩን እያዝረበረበ ያገኘውን ሁሉ የሚነክሰውን ውሻ ለማሰር አትሞክሩ። ሰው አርቃችሁ ለቀበሌና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። መገደል ካለበትም ጭንቅላቱ አይመታ፤ በባዶ እጅም አይነካ።

የባህል ሕክምናን ልንቅ አይደለም። ጸበሉንም የሚጠመቅ ይጠመቅ። ክትባቱ ግን ይቅደም!

ደግሞም ውሻ በመግደል ይሄ በሽታ አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶው ከተከተቡ ሰንሰለቱ ይበጠሳል ነው። የወረታና የአካባቢው ልጆች፣ ውሻ ካላችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያውን "ክትባቱ መቼ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ሰው ከጠየቀ ይመጣል።

ገጠር ላለው ቤተሰብ ደውላችሁ ንገሩልኝ። ፌስቡክ የሌለው እሱ ነው፤ ውሻው ያለውም እሱ ጋ ነው።